የሙናካታ-ሳን የሌለች ጣት

ሙናካታ ቶኩጂ በሥራ ቤታችን የደህንነት ኃላፊ ነበር፤ ሥራውም መጠቆም ነበር። ሌላው ሰው ይቆርጣል፣ ይልጋል፣ ያጣብቃል፤ እሱ ይጠቁማል። ጠዋት ጠዋት በራዲዮ የሚመራውን እንቅስቃሴ ሠርተን ትንፋሻችን ሳይመለስ በማሽኖቹ ፊት ያሰልፈንና ቀኝ ክንዱን እንደ ጦር ይሰብቃል።

«መከለያው በቦታው ነው!» ብሎ ይጮኻል።

«ልክ ነው!» እንላለን አስራ አራታችንም፣ ወደዚያው እየጠቆምን።

«ጓንት ያደረገ የለም!»

«ልክ ነው!»

«እጅጌ ተሰብስቧል!»

«ልክ ነው!»

መጠቆሙ ባልከፋ። በአገራችን ባቡር ነጂውም ምልክት ባየ ቁጥር ይጠቁማል፣ ይጮኻል። ዓይን ሰነፍ ነው፣ ጣትና አፍ ሲያግዙት ይነቃል ይባላል። የእኛው ሰው የሚለየው መጠቆሚያ ስለሌለው ነው። የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ከመጀመሪያው አንጓ በላይ የለችም። አዲስ የተቀጠረ ሰው መጀመሪያ ሰሞን ጉማጇን ተከትሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አንድ ጊዜ ከእሳት አደጋ የመጣ ተቆጣጣሪ «የቱን ነው የሚያሳዩኝ?» ቢለው፣ ሙናካታ-ሳን ምንም ሳያፍር «የሚታየውን» አለው። ሰውየው የሚታየውን ሁሉ መዝግቦ ሄደ።

የምንሠራው ማሱ ነው፤ ከሂኖኪ እንጨት የሚሠራ አራት ማዕዘን መጠጫ። ድሮ ሩዝ ይሰፈርበት ነበር፣ ዛሬ ሰርግ ላይ ሳኬ ይጠጣበታል። ለዚህች መዳፍ ለማትሞላ ሳጥን ሲባል ስምንት የኤሌክትሪክ መጋዝና ሁለት መላጊያ ቀኑን ሙሉ ሲያጓሩ ይውላሉ። እኔ ኢሶጋይ እባላለሁ። ከላይ ወደ ታች እየተጎተተ ጣውላውን የሚከረክመውን ትልቁን መጋዝ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ይህ ነገር ሲሆን ሥራ ከጀመርኩ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ቁጡ ናት ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። በየሐሙሱ ጠዋት የደነዘዘውን ዲስክ ፈትቼ የተሳለውን እገጥማለሁ። ዲስኩ ከምግብ ትሪ ይሰፋል፣ ጥርሱም መቶ ነው፤ በትርፍ ጊዜዬ ቆጥሬዋለሁ።

ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም እንደሚባለው፣ መጠቆሙ ከሥራ ቤት ወጥቶ ሙናካታ-ሳንን ቤቱ ድረስ ተከትሎት ገባ። ገላውን ሊታጠብ ሲል ገንዳው ዳር ራቁቱን ቆሞ «ውሃው አርባ ሁለት ዲግሪ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሚስቱ ከወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች «ልክ ነው!» ትለዋለች። ካልመለሰችለት አይገባም። ሊተኛ ሲል ትራሱን ይጠቁማል። ሚስቱ እንደነገረችኝ አንድ ቀን እሷንም ጠቁሟታል፤ ምን ብሎ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።

ከሁሉ የከፋው የአማቱ ቀብር ዕለት የሆነው ነው። አስከሬን ማቃጠያው ቤት ቆመናል፤ ጥቁር ለብሰን፣ መቁጠሪያ ይዘን፣ አንገታችንን ደፍተን። ሣጥኑ ወደ ምድጃው ገባ፣ የብረት በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ፣ አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ይሄኔ የሙናካታ-ሳን ክንድ በራሷ ጊዜ ተዘረጋች።

«በሩ ተዘግቷል!»

ከሥራ ቤቱ የሄድነው ዘጠኝ ነበርን። ዘጠኛችንም ጠቆምን፤ ዘጠኛችንም «ልክ ነው!» አልን። እኔም ጮኼያለሁ፣ መካድ ምን ያደርግልኛል። የሚስቱ ወንድም ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ዓመት አላናገረውም። ሚስቱ ግን «እናቴ እንኳንም በሩ ክፍት ሆኖ አልሄደች» ብላ ተጽናናች።

ይህን ሁሉ የታገስነው ስለ ጣቱ ብለን ነው። ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጥር ነበርና ጓንት አድርጌ ገባሁ። ሙናካታ-ሳን እጄን ይዞ ትልቁ መጋዝ ፊት አቆመኝ። ከዚያ ቀኝ እጁን አፍንጫዬ ሥር አመጣ።

«ይቺን ታያታለሽ?»

«የቷን?» አልኩት።

«እሷን ነዋ! የሌለችውን!»

«አየኋት።»

«አስራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ልክ እንዳንቺ ጓንት አድርጌያለሁ፤ ይበርዳላ። ከጓንቱ አንዲት ክር ተመዘዘች፣ የመጋዙ ጥርስ ያዛት። መጋዝ ክር ከያዘ ጨርቁን ይጠራል፣ ጨርቁ እጅን ይጠራል። ባዶ እጅ ቢነካው ይቆረጣል፤ ጓንት ያደረገ እጅ ግን ተጎትቶ ይገባል። ጓንቱን በላው፣ ጣቴም ጓንቱ ውስጥ ነበረች።»

ጓንቴን አወለቅሁ። ከዚያ ወዲያ አስራ ዘጠኝ ክረምት ሙሉ መጋዝ ፊት ጓንት አድርጌ አላውቅም። እጄ በየታኅሣሡ ይሰነጣጠቃል፣ ማታ ማታ ዘይት እቀባዋለሁ፣ ባሌ «ከማን ጋር ስትቧጨሪ ዋልሽ?» ይለኛል። ቢሆንም ሙሉ እጅ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሩዙን በግራ እጁ እየበላ፣ ያን ሁሉ ጩኸት ለምን እንደሚጮህ ነገረኝ። «ሰው ደንብ አይሰማም፣ ኢሶጋይ-ሳን። ደንብ የሚኖረው ግድግዳ ላይ ነው። ሰው ጣት ነው የሚሰማው» አለኝ። በዓለም ላይ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በመጪው መጋቢት ጡረታ ሳይወጣ ከመካከላችን የአንዳችንን ጣት ሰጋቱራ ላይ ወድቃ ማየት። ለዚህ ብሎ ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ በምሳ ዕቃዎቻችን መካከል፣ በረዶ የሞላባት ሳጥን አስቀምጧል። በላይዋ ላይ በትልቁ «ለጣት ብቻ» ተብሎ ተጽፏል። መላጊያውን የሚይዘው ዶይ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው፣ አንድ ቀን አይስክሬሙን እዚያ ውስጥ ደበቀ። ሙናካታ-ሳን አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ጮኸበት፤ አይስክሬሙም በዚያ መሃል ቀለጠ።

ታሪኩን በየዓመቱ የደህንነት ሳምንት ሲመጣ ይተርክልናል፤ ታሪኩም እንደ ልጅ በየዓመቱ ያድጋል። ዶይ ዝም አይልም።

«ሙናካታ-ሳን፣ አምና ጣትዎ የወደቀችው ወለል ላይ ነበር። ዘንድሮ በመስኮት ወጣች። ለከርሞ ባቡር ልትሳፈር ነው?»

«ሳቅ፣ ሳቅ። የምትስቀው እጅህ ሙሉ ስለሆነ ነው።»

«ልክ ነው!» ይላል ዶይ እየጠቆመ።

ያን ዓመት አደጋ ሳይደርስ አምስት ሺህ ቀን ሞላን። የከተማችን የእንጨት ሠራተኞች ማኅበር በሐምሌ መጀመሪያ በአዳራሹ ሊሸልመን ወሰነ፤ ሙናካታ-ሳንም ንግግር ያደርጋል ተባለ። አለቃችን ኪሪያማ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ለከተማው ጋዜጣ ማስታወቂያ አስወጣ፤ ፎቶ ይላክ ቢሉት የሰውየውን ፊት ትቶ እጁን ብቻ አስነስቶ ላከ። ከሥሩም «ይህች እጅ ትናገራለች» ተብሎ ተጻፈ። ሙናካታ-ሳን ጋዜጣውን ሲያይ ፊቱ ነጣ። ሰው ፊት መናገር ፈርቶ መሰለኝ፤ «አይዞዎት፣ እኛም እንጮህልዎታለን» አልኩት። የፈራው ሌላ ነገር ኖሯል። ጋዜጣው ታላቅ እህቱ የምትኖርበት ሰፈርም ይደርሳል።

አዳራሹ እንደ ምድጃ ይጋል። ሁለት መቶ ሰው በማራገቢያ ፊቱን እያራገበ ተቀምጧል። እኛ አስራ አራታችን ሙሉ ልብስ ለብሰን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተደርድረናል። ሙናካታ-ሳን ማይኩን ይዞ ጀመረ። ጥሩ ተናገረ፣ ከመቼውም በላይ። ዘንድሮ መጋዙ እጥፍ ሆኗል፤ የሥራ ቤቱ ባለቤት ሚስት ራሷን ስታለች፤ የእሱ ጣት በመስኮት ወጥታ የጎረቤት ውሻ ስታስሮጥ ነበር። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ልክ «ጓንቱን በላው፣ ጣቴም» ሲል፣ ከኋላችን አንዲት ትንሽዬ ባርኔጣ ያደረገች አሮጊት ብድግ አለች።

«የቱ መጋዝ ነው እሱ?» አለች።

ሰው ሁሉ ዞረ።

«ቶኩ! አንተን እኮ ነው! የቱ መጋዝ ነው ጣትህን የቆረጣት?»

«እትዬ…» አለ ሙናካታ-ሳን፤ ድምፁ በማይኩ ውስጥ እንደ ሕፃን ቀጠነ።

«አርባ ስድስት ዓመት! አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ደጅህ ድረስ እየመጣሁ ግንባሬ ምንጣፍ እስኪነካ ይቅርታ የምጠይቅህ ስለ መጋዝ ነው? እኔ ነኝ እንጂ! በዚህ እጄ ነው እንጂ!» ሁለቱንም እጆቿን ወደ ላይ አነሳች፤ ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረች። «እኔ ኪኑዮ እባላለሁ፣ ታላቅ እህቱ ነኝ። ለአዲስ ዓመት የተቀቀለውን ሩዝ ሞቺ ለማድረግ ስንወቅጥ ነው። እኔ መዶሻውን አነሳለሁ፣ እሱ በመሃል እጁን እያገባ ሊጡን ያገላብጣል። ጣቱ ላይ አወረድኩበት። ሐኪሙ አይድንም ብሎ ቆረጠው። የምን መጋዝ! ቤታችን መጋዝ የሚባል ነገር አልነበረም!»

ዶይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሞቺውን በልተውት ይሆን?» አለኝ። እግሩን ረገጥኩት።

«አባታችን ደግሞ ‹ሞቺ አይጣልም› ብለው» አለች ኪኑዮ፣ የሰማችው ይመስል፣ ግን አልጨረሰችውም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ደግ ሰው ነው። ፈገግ እያለ ወርዶ ክርኗን ያዘ። «እናታችን፣ ሙቀቱ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ እንስጥዎት። በዚህ ዕድሜ ነገር ይምታታል፣ የሁላችንም ዕጣ ነው» አላት። አዳራሹም «እሰይ» በሚል ድምፅ ተነፈሰ። ሰዎች በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኪኑዮ ባርኔጣዋ ወደ ጎን እንደተጣመመ፣ እንደ ጠፋ ልጅ ክርኗን ተይዛ፣ ወንድሟን ወደ ላይ ታየዋለች።

ሙናካታ-ሳን የሚጠበቅበት አንዴ ራሱን መነቅነቅ ብቻ ነበር። ቢነቀንቅ ጣቱ የመጋዝ እንደሆነች ትኖራለች፣ የእኛም ፍርሃት ይኖራል፣ እጃችንም ይተርፋል፤ እሱ እንደዚያ ነበር የሚያምነው። ባይነቀንቅ ግን ሊጥ የነከሰው ሰው ሆኖ መቅረቱ ነው። ሊጥ የነከሰውን ሰው ደግሞ ማን ይሰማል? ላቡ ከአገጩ ማይኩ ላይ ሲንጠባጠብ በድምፅ ማጉያው ይሰማ ነበር። ከዚያ ክንዱ ተነሳች፣ ቀጥ አለች፣ ወደ አሮጊቷ ተዘረጋች።

«እህቴ!» ብሎ ጮኸ። «ልክ ነው!»

እኛ አስራ አራታችን፣ ማንም ሳያዘን፣ ከወንበራችን ብድግ ብለን ወደ ኪኑዮ ጠቆምን።

«ልክ ነው!»

«ይኸው!» አለች ኪኑዮ፤ ባርኔጣዋን አቅንታ ተቀመጠች። ሊቀመንበሩ የሚያደርገው ሲጠፋው ሽልማቱን ሰጠን። ወረቀቱ አስቀድሞ ታትሞ ነበርና ሌላ ምን ያድርግ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ከሙናካታ-ሳን አጠገብ የተቀመጠ አልነበረም። እኔማ ተናድጄ እጆቼን እያገላበጥኩ አያለሁ። አስራ ዘጠኝ ክረምት! አስራ ዘጠኝ ክረምት እጄ እንደ ደረቀ ጭቃ ሲሰነጠቅ የኖረው ለውሸት ነው? ጓንት አደገኛ መሆኑን ዛሬም አልክድም፤ መጋዝ ክር ሲይዝ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ ግን እንዳምነው የሌለውን ነገር አሳይቶ ነው ያሳመነኝ፣ ያውም አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ። ዶይ ከኋላ ሆኖ «ከእንግዲህ ሞቺ ስንበላ ጓንት እናውልቅ ማለት ነው» ሲል አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። ሙናካታ-ሳን በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር፤ አንገቱ ቀልቷል።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ዶይ አዲስ ነጭ ጓንት አድርጎ መጣ። «ጓንት ያደረገ የለም!» ሲባል ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ «ልክ ነው!» አለ። ሰው ሲጠቁም ክንዱን አላቀናም፤ ግማሹ በአገጩ ጠቆመ። ሙናካታ-ሳን አይቶ እንዳላየ ሆነ። ከቤቱ የመጣው ሳይተኛ እንደሆነ ዓይኑ ይናገራል።

የዲስክ መቀየሪያው ሰዓት ደረሰ። ሥርዓቱ ይህ ነው፤ ዶይ ከትልቁ ቁም ሣጥን ጀርባ ይገባና ግራጫውን ገመድ ከግድግዳው ይነቅላል። ሙናካታ-ሳን ይጠቁማል። እኛ እንመልሳለን። ከዚያ በኋላ ማብሪያውን መንካት ክልክል ነው፤ ዲስክ ሲቀየር ማብሪያ የነካ ሰው ያን ቀን ሥራ የለውም፣ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ግራ እጄን ዲስኩ ላይ አሳርፌ በቀኝ እጄ በመፍቻ ብሎኑን እፈታለሁ። ቁም ሣጥኑ እዚያ ከተዛወረ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ሶኬቱን የሚያይ የለም። የምንጠቁመው ቁም ሣጥኑን ነው።

ዶይ ገባ፣ ነቀለ፣ ወጣ።

«ሶኬት ተነቅሏል!»

«ልክ ነው» አሉ ሌሎቹ፣ በግማሽ አፍ።

በዚህ መሃል ከመጸዳጃ ቤት የአለቃችን የኪሪያማ ድምፅ መጣ። ጠዋት ጠዋት ጋዜጣውን ይዞ እዚያ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል።

«ኧረ! ውሃው ቆመ! ይሄ መቀመጫ መሃል ላይ አቆመብኝ እኮ!»

ማንም አልሰማውም። በኤሌክትሪክ እየሠራ የሚያጥበውና የሚያሞቀው የመጸዳጃ ቤቱ መቀመጫ ያረጀ ነው፤ በተለይ ሐሙስ ሐሙስ በረዶ ይሆናል እያልን ስንማረር ኖረናል።

እኔ መፍቻውን አንስቼ ቆምኩ። ግራ እጄን ዲስኩ ላይ ላሳርፍ ስል ሙናካታ-ሳንን አየሁት። ጉማጇ እስካሁን ወደ ቁም ሣጥኑ ተዘርግታለች። ደሜ ፈላ። ከሕጎቹ አንዱን፣ እሱ እያየኝ፣ ፊት ለፊቱ መስበር አማረኝ፤ ከዚህ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

«ምን ያስፈራል፣ መጋዝ እኮ ጣት አይቆርጥም፤ ሞቺ ነው የሚቆርጠው!» አልኩና ማብሪያውን ተጫንኩት።

መጋዙ አጓራ።

ዛሬ ዲስክ የሚቀይር ሰው ሶኬቱን በገዛ እጁ ነቅሎ ዓይኑ ፊት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያም ማብሪያውን ሁለቴ ተጭኖ መጋዙ እንደማይነሳ ያረጋግጣል። የሚጮህ የለም። ያኔ ግን አስራ አምስት ሰው አፉን ከፍቶ ቆሞ መቶ ጥርስ ወደማይታይ ጉም ሲለወጥ ያያል። ማብሪያውን ለቀቅሁት። ዲስኩ እስኪቆም ብዙ ቆየ።

ዶይ ማንም ሳያዘው ጓንቱን አወለቀ። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ተመልሶ ገባ፤ በእጁ ገመዱን እየዳሰሰ ሲከተል ይሰማናል። «ይሄኛው… ግድግዳውን ይበሳል…» አለ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ተለወጠ። «የመጸዳጃ ቤቱ ነው። የመቀመጫው ነው። የመጋዙማ እዚህ ከታች አለ፣ ተሰክቷል፣ ሸረሪት አድርቶበታል።»

ሁለት ግራጫ ገመድ። ቁም ሣጥኑ ሲዛወር ተለዋውጠው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ በታላቅ ሥነ ሥርዓት የአለቃችንን መቀመጫ ስናጠፋ ኖረናል። በየሐሙሱ ግራ እጄ ዲስኩን አቅፎ፣ ማብሪያው ክርኔ አጠገብ፣ ክርኔ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይስት። ጣውላ ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። እንባዬ መጣ፣ አላፈርኩም።

ሙናካታ-ሳን ክንዱን አወረደ። ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ። ቀስ ብሎ መጥቶ ፊቴ ሰጋቱራው ላይ ተንበረከከ፤ ግራ እጄን ወስዶ አውራ ጣቴን በሁለት ጣቶቹ ያዛት።

«አንድ» አለ።

ቀጥሎ ሌባ ጣቴን ያዘ። «ሁለት።» እንዲህ እያለ እያንዳንዷን ከሥሯ እስከ ጥፍሯ ይዳብሳል፤ አያያዙ እንቁላል እንደሚይዝ ሰው ነበር። አምስት ሲደርስ ቀና ሳይል መናገር ጀመረ።

«ያኔም ‹እሺ› ብዬ ነበር። እትዬ ‹አነሳሁ!› ትላለች፣ እኔ አገላብጬ እጄን ካወጣሁ በኋላ ‹እሺ!› እላለሁ። ስንደጋግመው ዜማ ሆነ። አንድ ጊዜ እጄ ገና ሊጡ ውስጥ እያለ ‹እሺ!› አልኩ፤ የዜማው ተራ ስለደረሰ ብቻ። እሷ ቃሌን አምና አወረደችው።»

«ይሄንን ነበር የሚነግሩን!» አልኩት፤ ንዴቴ ገና አልወጣልኝም።

«ይሄንን ነበር» አለ። «አፈርኩ። ሊጥ ነዋ፣ ማን ይፈራል ብዬ። አርባ ስድስት ዓመት ጥፋቱን እሷ ተሸከመችልኝ።» ቀኝ እጄን አነሳ። «ስድስት።»

የመጸዳጃ ቤቱ በር ተበረገደ። አለቃችን ኪሪያማ በአንድ እጁ ቀበቶውን በአንድ እጁ ጋዜጣውን ይዞ ወጣ፤ ሁላችንም በየቦታችን ደርቀናል፣ የደህንነት ኃላፊው ደግሞ እግሬ ሥር ተንበርክኮ እጄን ይዟል።

«ምን ሆናችሁ? ውሃውን ማነው ያቆመው? ምንድነው ይሄ?»

 ሙናካታ-ሳን ትንሿ ጣቴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ይዟት ትንሽ ቆየ።

«አስር ናቸው» አለው፣ እጄን ሳይለቅ።